መርማሪው የማን ሰው ነው?

ስለ መንግሥት ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ሌብነት ወሬ ሲነሣ ጨዋታው ብዙ ጊዜ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚቆጣጠር፣ ለማን እንደሚጠቆምና የጠቆመ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሚነገረው በአብዛኛው ግምት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትራክ ለሚነዳው፣ በአውቶቡስና በባቡር ድርጅት ለተቀጠረው ወገናችን ግን ይህ ግምት ዋጋ ያስከፍላል። እዚያው አሜሪካ ላይ ቆመን በብዛት የሚባለውን እንፈትሽ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ተረት፦ «መሥሪያ ቤቱ የራሱ መርማሪ አለው፤ እሱ ይበቃል»

እውነታ፦ በኢሊኖይ አልበቃም። በዚያ ስቴት መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ነው፤ ስሙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢያስመስለውም ዋና ሥራው ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ነው። ከ1991 እስከ 1999 ቢሮውን የመራው ጆርጅ ራያን ነበር። ቢሮው የራሱ ኢንስፔክተር ጄኔራል፣ ማለትም የውስጥ መርማሪ፣ ነበረው። ዲን ባወር ይባላል፤ የራያን የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው።

ኖቬምበር 8 ቀን 1994 ሚልዋኪ አጠገብ፣ አይ-94 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ትራክ የኋላ መብራቱን የያዘው ብረት ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላ የመጣ የቤተሰብ ቫን ብረቱ ላይ ወጣበት፤ የነዳጅ ታንኩ ተበሳ፤ መኪናው በእሳት ተያያዘ። የአንድ እናትና አባት ስድስት ልጆች አለቁ። ሌሎች ሹፌሮች ብረቱ መንጠልጠሉን አይተው የትራኩን ሹፌር በሬዲዮ ሊያስጠነቅቁት ሞክረው ነበር፤ እሱ ግን እንግሊዝኛ አይሰማም። ሲዲኤሉን፣ ማለትም የትራክ መንጃ ፈቃዱን፣ ያገኘው በኢሊኖይ የመንጃ ፈቃድ ጣቢያ በጉቦ እንደነበር ኋላ ታወቀ። የጣቢያ ሠራተኞች የአለቃቸውን የራያንን የምርጫ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ትኬት እንዲሸጡ ይገፉ ስለነበር ከጉቦው ከፊሉ የዚያ ትኬት መግዣ ይሆን ነበር።

በባወር ሥር የነበሩ መርማሪዎች ይህን ፈቃድ ሊከታተሉ ሲነሡ እንዲተዉት ተነገራቸው። ባወር በ2001 ፍትሕን ማደናቀፉን አምኖ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደበት። ሰውየው ከሌላው የከፋ ነበር ብዬ አላምንም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የሾመውን ሰው መርምር የተባለ ወዳጅ ከዚህ የተለየ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ ነው ስሕተቱ።

ነገሩን ያወጡት ከቢሮው ውጭ የነበሩት ናቸው፤ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ኤፍቢአይ፣ የፌዴራሉ ትራንስፖርት ዲፓርትመንት ኢንስፔክተር ጄኔራል መርማሪዎች። መረጃ ካቀበሏቸው መካከል የመንጃ ፈቃድ ጣቢያ ሠራተኞች ነበሩበት። «ኦፕሬሽን ሴፍ ሮድ» በተባለው በዚህ ምርመራ 79 ሰዎች ተከሰው 76ቱ ጥፋተኛ ተባሉ። ራያን የኢሊኖይ ገዥ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ2006 ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት።

እንግዲህ «ተቆጣጣሪ አለ» ሲባል ተከታዩ ጥያቄ ማን ሾመው፣ ማን ሊያባርረው ይችላል፣ ሪፖርቱን የሚያነበው ማን ነው የሚል ነው። የቢሮው በር ላይ የተለጠፈው ስም ለዚህ መልስ አይሆንም።

ተረት፦ «በሕግ ነጻ ከሆነ ማንም አይነካውም»

እውነታ፦ ይነካዋል። ስለ ኢንስፔክተር ጄኔራሎች በ1978 በወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራሉ ትራንስፖርት ዲፓርትመንት ኢንስፔክተር ጄኔራል በፕሬዚዳንቱ ተመርጦ በሴኔቱ የሚጸድቅ ነው። ሪፖርቱ ለሚኒስትሩ ብቻ ሳይሆን ለኮንግረስም ይቀርባል። ፕሬዚዳንቱ ከቦታው ሊያነሣው ሲፈልግ ምክንያቱን ጽፎ ከ30 ቀን በፊት ለኮንግረስ ማሳወቅ አለበት። ይህ ሁሉ እያለ ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የትራንስፖርቱን ጨምሮ 17 ያህል ኢንስፔክተር ጄኔራሎችን በአንድ ምሽት አሰናበቱ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አንዲት የፌዴራል ዳኛ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢወስኑም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አላዘዙም።

ተረት፦ «ኢንስፔክተር ጄኔራሉ ሌባውን ራሱ ያስራል፣ ያባርራል»

እውነታ፦ ኦዲት ያደርጋል፣ ሰነድ እንዲቀርብለት ያስገድዳል፣ ወንጀል ይመረምራል። ክስ የሚመሠርተው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ሠራተኛ የሚያባርረውም መሥሪያ ቤቱ ነው።

ተረት፦ «ሌብነት ማለት ከካዝና ገንዘብ መጉደል ነው»

እውነታ፦ በዚህ ዘርፍ አደገኛው ስርቆት ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በፎርም ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አንባቢ ሲልቨር ላይን የሚባለውን የሜትሮ መስመር ያውቀዋል። ለመስመሩ ሁለተኛ ምዕራፍ ኮንክሪት ያቀረበው የፔንሲልቫኒያ ፋብሪካ የጥራት ፍተሻ ውጤቶች ተጭበርብረው ተገኙ። ነገሩን ያጋለጠው የፋብሪካው የቀድሞ ሠራተኛ ነው። ኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ሲጨርስ የጥራት ኃላፊው በወንጀል ጥፋተኝነቱን አምኗል።

በዚያው በሜትሮ፣ ጁላይ 2016 ኢስት ፎልስ ቸርች ጣቢያ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። ሲጣራ ሐዲዱን ሳይፈትሹ «ፈትሸናል» ብለው የሚሞሉ ሠራተኞች እንደነበሩ ታወቀና ከሐዲድ ፍተሻ ክፍሉ ግማሽ ያህሉ ቅጣት ደረሰበት። እስከ 2015 ድረስ የሜትሮን ደኅንነት ይከታተል የነበረው መስመሩ የሚያልፍባቸው ሦስት አስተዳደሮች ኮሚቴ ሜትሮን የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም፤ ጽፎ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል። ትእዛዝ መስጠት የሚችል ራሱን የቻለ የደኅንነት ኮሚሽን ሥራውን የተረከበው በማርች 2019 ነው፤ በ2009 ዘጠኝ ሰዎች ከሞቱበት የባቡር ግጭት ዐሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ።

እንዲህ ያለ ማጭበርበር የፌዴራል ገንዘብ ካለበት ሌላም በር አለ። ከ1863 ጀምሮ ያለው የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕግ አንድ ግለሰብ በመንግሥት ስም በጠበቃ አማካይነት እንዲከስ ይፈቅዳል። ገንዘቡ ከተመለሰ ድርሻው ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። መዝገቡ መጀመሪያ ለ60 ቀን ያህል በምስጢር ይያዛል፤ ብዙ ጊዜም ይራዘማል። ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የሚገባበት ሰው ቢያስብበት ይሻላል፣ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነውና።

ተረት፦ «ስሜን ካልደበቅሁ አለቀልኝ»

እውነታ፦ ለኢንስፔክተር ጄኔራሉ ስም ሳይሰጡ መጠቆም ይቻላል። ችግሩ መርማሪው ተጨማሪ ነገር መጠየቅ ቢፈልግ የሚያገኘው ሰው አለመኖሩ ነው። ሌላው መንገድ ስምን ሰጥቶ ምስጢር እንዲሆን መጠየቅ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ኢንስፔክተር ጄኔራሉ የጠቆመውን የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ማንነት ያለ ፈቃዱ እንዳያወጣ ያዝዛል፤ ምርመራው የግድ ካላለ በቀር። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጥቆማውን ክብደት የሚሰጠው ዝርዝሩ ነው። «እዚያ ቤት ሌባ ሞልቷል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ቀኑን፣ የባቡሩን ወይም የመኪናውን ቁጥር፣ የትኛው ፎርም ላይ ምን እንደተጻፈና ማን በቦታው እንደነበር የሚናገር አንድ ገጽ ይሻላል። ማስረጃ ፍለጋ ያልተፈቀደልዎትን ቢሮ ወይም ኮምፒውተር አይክፈቱ።

ተረት፦ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»

እውነታ፦ ሕጉ በቀልን ቢከለክልም የአለቃን እጅ አስቀድሞ አይዝም፤ ከተበቀለ በኋላ ግን መጠየቂያ ይሰጣል። ብሬኩ የማይዝ ትራክ አልነዳም ያለ ሹፌር፣ የሐሰት ፍተሻ የጠቆመ የሜትሮ ሠራተኛ ከሥራ ቢባረር፣ ደረጃው ቢቀነስ ወይም ሰዓቱ ቢቆረጥበት ለፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኦሻ፣ አቤት ማለት ይችላል። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ወደ ሥራው ሊመለስና ያጣው ደመወዝ ሊከፈለው ይችላል። ብዙ ወገን መብቱን የሚያጣው በቀነ ገደቡ ነው፤ «እስኪ ይብረድ» ሲል ወራት ያልፋሉ። ለትራክ ሹፌሮችና ለሕዝብ ትራንስፖርት ሠራተኞች ጊዜው 180 ቀን ነው፤ ለአየር መንገድ ሠራተኞች 90 ብቻ። ቀኑ የሚቆጠረው በቀሉ ከተፈጸመበት ዕለት ነው። አቤቱታው በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ በማንኛውም ቋንቋ ይቀርባል፤ በአማርኛም።