የበርበሬ መዓዛ በቤትና በጓሮ

በርበሬ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ማቃጠሉ ነው እንጂ መዓዛው አይደለም። ዳሩ ግን ሽታው ለሚያስተውል ሰው ብዙ ነገር ይገልጻል፤ የተክሉን ጤንነት፥ የፍሬውን መብሰል፥ ከሁሉም በላይ ለቤተ ሰብ የሚቀርበው በርበሬ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ያመለክታል።

ሽታና ማቃጠል ልዩ ልዩ ናቸው

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ነገር ሽታ የለውም። የሚገኘውም በይበልጥ፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፍሬዎቹ ውስጥ ሳይሆን፥ ፍሬዎቹ በተጣበቁበት በነጩ ሥጋ ላይ ነው። በርበሬ በምጣድ ሲታመስ የሚያስነጥሰውና የሚያስለው፥ ይህ ነገር ከጢሱና ከብናኙ ጋር በአየር ላይ ሲበተን ነው።

የአረንጓዴው ቃሪያ መዓዛ ግን ከሌላ ነገር ይመጣል። በ1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሜቶክሲፒራዚን ከሚባሉት ወገን የሆነውን የዚህን ሽታ ምንጭ ለይተው ገለጡ። ኃይሉም የሚያስደንቅ ነው፤ በአንድ ትሪሊዮን እጅ ውኃ ውስጥ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ቢገኝ የሰው አፍንጫ ይለየዋል። ፍሬው እየቀላ ሲሄድ ይህ ሽታ ይቀንስና ጣፋጭነት ያለው መዓዛ ይተካዋል።

በጓሮና በመስኮት ሥር

በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። ዛሬ ማረቆ፥ አላባና ቡሬ በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸው። በከተማ ግን ጓሮ የሌለው ቤተ ሰብ በጣሳ ተክሎ በመስኮት አጠገብ ሊያሳድገው ይችላል።

በጓሮ የበቀለው ተክል ሽታውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ነጩ አበባውም እምብዛም አይሸትም፤ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ብቻ የለምለም ሣር የመሰለ ሽታ ይሰጣል። በቤት ውስጥ ግን አየሩ ስለሚታጠር፥ ቅጠሉ በተነካ ጊዜ ሽታው ጐልቶ ይሰማል። ይህ ብቻውን የቤቱ ተክል ከጓሮው ይበልጣል አያሰኝም።

የቤት ውስጥ ተክል የሚያሻው ብዙ የፀሐይ ብርሃንና ልኩን የጠበቀ ውኃ ነው። የጣሳው ዐፈር የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ቢሸት መልካም ነው፤ የኮመጠጠ ወይም የበሰበሰ ሽታ ቢያወጣ ግን ውኃው በዝቶ ሥሩ አየር ማጣቱን ያስረዳልና፥ የጣሳውን ሥር በስቶ ውኃውን ማንጠፍ ይገባል። በቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ አበባው ሲፈነዳ ግንዱን ቀስ ብሎ መነቅነቅ ፍሬ እንዲይዝ ይረዳዋል። ወደ ውጭ በሚወጣበትም ጊዜ ፀሐይ ቅጠሉን እንዳያቃጥለው፥ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ድረስ ጥቂት በጥቂት ማለማመድ ያስፈልጋል።

ሊናቅ የማይገባው ሽታ

በጾምም ሆነ በፍስክ ከወጣችን የማይለየው የደረቀው በርበሬ ሲሆን፥ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሳይደርቅ የተከማቸ ወይም እርጥበት የነካው ዛላ ይሻግታል። በሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ፥ ጉበትን የሚጐዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ በአዲስ አበባ በተፈጨ በርበሬ ላይ በተደረገ ምርመራም ተገኝቷል። ይህን መርዝ የምጣድም ሆነ የድስት እሳት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ስለዚህ የሻገተውን ዛላ ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት፥ ሽታውንም በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት መሸፈን ቊጠባ አይደለም፤ የልጆችን ጤና መጉዳት ነው። ለገበያ የሚያቀርበውም ሰው ቢሆን በባልንጀራው ማዕድ ላይ መርዝ እንዳያኖር ይጠንቀቅ። ይሁን እንጂ መርዙ ራሱ ሽታ ስለሌለው በአፍንጫ ብቻ መተማመን አይበቃም። ዛላውን ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ነገር ላይ አስጥቶ፥ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ድረስ ማድረቅ፥ አንድ በአንድ መልቀም፥ እርጥበት በሌለበት ስፍራም ማኖር ይገባል። የሻገተውን መጣል ለጊዜው ኪሳራ ቢመስልም፥ ትርፉ የቤተ ሰብ ጤና ነው።