ካልሲየምና የአጥንት ጤና

ካልሲየም በሰው አካል ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት ሁሉ በመጠን የሚበልጠው ነው። 99 በመቶ ያህሉ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። ቀሪው ለልብ ምት፣ ለጡንቻ መኮማተር፣ ለነርቭ ሥራና ለደም መርጋት ያገለግላል።

የአጥንት ሚና

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ሲሆን ዕድሜ ልክ እየፈረሰ እንደገና ይገነባል። የካልሲየም ጎተራም ነው። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲቀንስ አንገት ላይ የሚገኙት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሆርሞኑም ካልሲየም ከአጥንት ወጥቶ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ስለዚህ በደም ምርመራ የካልሲየም መጠን ትክክል ሆኖ ቢገኝም አጥንቱ እየሳሳ ሊሆን ይችላል።

በየዕድሜው የሚያስፈልገው መጠን

በአሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው መመሪያ መሠረት በቀን የሚመከረው መጠን የሚከተለው ነው፦

* ከ1 እስከ 3 ዓመት፦ 700 ሚሊግራም
* ከ4 እስከ 8 ዓመት፦ 1,000 ሚሊግራም
* ከ9 እስከ 18 ዓመት፦ 1,300 ሚሊግራም
* ከ19 እስከ 50 ዓመት፦ 1,000 ሚሊግራም
* ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶችና ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች፦ 1,200 ሚሊግራም

ከፍተኛው መጠን ለወጣቶች የሆነው አጥንት በፍጥነት የሚገነባው በጉርምስና ወቅት ስለሆነ ነው። የአጥንት ክምችት 30 ዓመት ገደማ ላይ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሴቶች ሲያርጡ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ መሳሳቱ ይፋጠናል። የአጥንት መሳሳት ሕመም ስለሌለው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዳሌ፣ አከርካሪ ወይም የእጅ አንጓ ሲሰበር ነው።

የካልሲየም ምንጮች

100 ግራም የላም ወተት 120 ሚሊግራም፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 180 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ይሁን እንጂ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይዞ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ወተት በማይበላባቸው የጾም ወራት ጎመንና ሰሊጥ ጥሩ ምንጮች ናቸው። በቆስጣ ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን ኦክሳሌት ስለሚይዘው በአብዛኛው ለሰውነት አይደርስም።

ቫይታሚን ዲ

አንጀት ካልሲየምን በሚገባ ለመምጠጥ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ቆዳ ይህን ቫይታሚን የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሞላበት አገር እንኳ ቤት ውስጥ ተሸፍነው የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው በሚጎብጥበት የሪኬትስ በሽታ ሊያዙ ይችላሉ።