የአልኮል ሱስ መድኃኒቶች፦ ከመጀመርዎ በፊት ጥቅማቸውንና ጉዳታቸውን ያመዛዝኑ

አርሲ የገብስ አገር ነው። በአሰላና በዙሪያው ባሉ ብዙ ቤቶች ጠላና አረቄ ከድግስም ከሐዘንም አይጠፉም። መጠጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው ከአምሮቱም ከ«ቅመስ» ባዩም ጋር ይታገላል። የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ለሁሉም ሰው አይሆኑም።

በድንገት አያቁሙ

በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ በአንድ ጊዜ ማቆም መንቀጥቀጥ፣ መንፈራገጥና መቃዠት ሊያስከትል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። አደጋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይበረታል። ስለዚህ በሐኪም ክትትል ያቁሙ።

ዳይሰልፊራም

አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚፈጠረው አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዝ እንዲጠራቀም ያደርጋል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ቢጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፤ የልብ ሕመም ካለበት ሊሞት ይችላል።

• ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሞላ አይጀመርም።
• መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም እስከ 14 ቀን ድረስ አንድ ብርጭቆ ጠላ ሊያሳምምዎ ይችላል።
• ለአሜባና ለጃርዲያ ከሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ጋር አይወሰድም። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ።
• ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ይታከሙ።

ናልትሬክሶን

የመጠጥ አምሮትን ይቀንሳል፤ ቢጠጡበትም እንደ ዳይሰልፊራም አያሳምምም። ሆኖም እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያግዳል። እነዚህን የወሰደ ሰው ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይቆይ አይጀምረውም። የጉበት ምርመራም ያስፈልጋል።

አካምፕሮሴት

የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ይሻላል፤ ከባድ የኩላሊት ሕመም ላለበት ግን አይሰጥም። በቀን 3 ጊዜ መዋጥ ይጠይቃል።

ለቤተሰብ

ዳይሰልፊራምን በቡና ወይም በወጥ ውስጥ ደብቆ መስጠት ለበጎ ቢታሰብም ሊገድል ይችላል። ሕመምተኛው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ፈጽሞ አይስጡ።

እንዴት ይወስኑ?

የመድኃኒቱን ጉዳት መጠጡ ከሚያደርስብዎ ጉዳት ጋር ያነጻጽሩ። መጠጡም ጉበትን፣ ልብንና ትዳርን ይጎዳል። በአሰላ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ተቋም ሲታዩ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለብዎትን ሕመምና እርግዝና ካለ ሳይደብቁ ይንገሩ። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ምክርና የቤተሰብ ድጋፍ ሲታከሉበት የበለጠ ይረዳል።