የሂካሪን ዜማ ለዓለም ያሰሙ ሙዚቀኞች

ሕፃን አፉን ፈትቶ «እማዬ» እስኪል ድረስ እናት የምትቆጥራቸው ወራት ረጃጅም ናቸው። ወራቱ ዓመት፣ ዓመቱም ሦስትና አራት ሆኖ ልጁ ዝም ሲል ግን ጭንቀቱ ከቤት አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል። አንዱ ጠበል፣ ሌላው ሐኪም ሲመክር፣ ሦስተኛው «የወላጆቹ ኃጢአት ነው» የሚል ክፉ ቃል ይዞ ይመጣል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከመውለጃ ጊዜ የአየር እጥረት፣ በእርግዝና ወቅት ከሚደርስ የአዮዲን ጉድለት፣ ከአንጎል ኢንፌክሽን፣ ከዘር ቅንጣቶች ለውጥና ከመሳሰለው ሊመጣ እንደሚችል ሕክምና ካስረዳ ብዙ ጊዜው ነው። ይሁንና ብዙ ልጆችን በየጓዳው ደብቆ ያሳደጋቸው የሰው አፍ ነው።

በዛሬው ዓምዳችን ለእናቶችና ለሠራተኞች የምናቀርበው በጃፓን አገር ስለ ተወለደ አንድ ልጅና ከጎኑ ስለ ቆሙ ሙዚቀኞች ነው።

ልጁ ሂካሪ ኦኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1963 በቶኪዮ ሲወለድ የራስ ቅሉ በአግባቡ ሳይገጥም ቀርቶ የአንጎሉ ክፍል እንደ እብጠት ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ይሞታል፤ ቢደረግለትም ከከባድ ጉዳት ጋር ይኖራል የሚል ነበር የሐኪሞቹ ቃል። አባቱ ደራሲው ኬንዛቡሮ ኦኤ ያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት ነበሩ። መወሰን ተስኗቸው ሳለ በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ ሂሮሺማ ሄዱ። እዚያም ከአቶሚክ ቦምብ እልቂት የተረፉትን ሰዎችና ራሳቸው የጉዳቱ ተካፋይ ሆነው ሕመምተኞችን የሚረዱትን ሐኪሞች አዩ። ያ ጉዞ ልባቸውን እንዳጸናው በኋላ በጽሑፎቻቸው ደጋግመው ገልጸዋል። ባልና ሚስቱ ልጁ በሕይወት እንዲኖር መረጡ። ስሙንም ሂካሪ አሉት፤ ትርጉሙ ብርሃን ማለት ነው።

ብርሃን የተባለው ልጅ ግን ለሰው ድምፅ መልስ አልነበረውም። ዓይኑም ደካማ ነበር፤ የሚጥል በሽታም ተጨመረበት። ወላጆቹ በትዕግሥት ሲከታተሉት አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የወፍ ዝማሬ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ወዲያው የአእዋፍ ድምፅ የተቀዳበት ሸክላ ተገዛለት። በሸክላው ላይ መጀመሪያ ወፏ ትዘምራለች፤ ቀጥሎ ተናጋሪው ስሟን ይጠራል። ይህ ሸክላ በዚያ ቤት ሲዞር ስንት ጊዜ እንደ ዋለ ማሰብ ነው! እናቶች እንደምታውቁት አንድን ነገር መቶ ጊዜ መስማት ለልጅ ደስታ፣ ለቤተሰብ ግን ፈተና ነው።

ሂካሪ ስድስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ በገጠር ቤቱ ሳለ፣ ከዛፎቹ ማዶ ካለው ሐይቅ ሁለት ወፎች ጮኹ። ልጁም የሸክላውን ተናጋሪ ድምፅ አስመስሎ የወፎቹን ስም በጃፓንኛ ተናገረ። ከሰው ጋር የተገናኘባት የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ነበረች። ቀስ በቀስ ደግሞ ከአእዋፍ ዜማ ወደ ባክና ሞዛርት ሙዚቃ ተሻገረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና የሚገባቸው መምህርት ኩሚኮ ታሙራ ናቸው። ሂካሪ ወደ 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው ፒያኖ ሊያስተምሩት ጀመሩ። የልጁ ጣቶች ግን እንደሚፈለገው አልታዘዙም። ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ይህ ልጅ ለሙዚቃ አልተፈጠረም» ብሎ ወላጆቹን ባሰናበተ ነበር። መምህርቷ ግን የጣቶቹን ፍጥነት ትተው ጆሮውን ያዙ። ዜማ ይጀምሩለታል፣ እርሱ ይቀጥለዋል፤ ድምፅ ይሰጡታል፣ እርሱ ይለየዋል። ከዚያም በኖታ መጻፍ አስተማሩት። በቃል ሊናገረው የማይችለውን እርሳስ ይዞ በኖታ ወረቀት ላይ ማስፈር የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ሥራው በአንድ ወርና በሁለት ወር የተፈጸመ ሳይሆን የዓመታት ልፋት ነው።

በወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ደግሞ የሚጫወተው ካልተገኘ ዝም ያለ ነገር ነው። ፍሉት ተጫዋቹ ሂሮሺ ኮይዙሚና የፒያኖ ባለሙያዋ አኪኮ ኤቢ ለሂካሪ ሥራዎች የደረሱለት እዚህ ላይ ነው። አኪኮ ኤቢ እ.ኤ.አ. በ1980 በዋርሶው የሾፐን ውድድር ከተሸለሙት አንዷ ናቸው። ሁለቱ ባለሙያዎች አጫጭሮቹን ድርሰቶች ተጫውተው እ.ኤ.አ. በ1992 በሲዲ ወጡ። በ1994 ለወጣው ለሁለተኛው ሲዲ በ1982 በሞስኮው የቻይኮቭስኪ ውድድር ሁለተኛ የወጡት ቫዮሊን ተጫዋች ቶሞኮ ካቶ ተጨመሩ።

በዓለም መድረክ የተፈተነ ሙዚቀኛ እንዲህ ቀለል ያለ ዜማ ሲሰጠው በሁለት መንገድ ሊያበላሸው ይችላል። ወይ ንቆት በግዴለሽነት ያልፈዋል፣ ወይም «ምስኪን» በሚል ሐዘኔታ ያለሰልሰዋል። በእኛ በኩል ሁለተኛው የባሰ ይመስለናል፤ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ጥናቱን ሳያዩ የሚጨበጨብ ጭብጨባ ውሎ አድሮ ልጁን ያታልለዋልና። እነዚህ ሙዚቀኞች ግን የሂካሪን ኖታ እንደ ማንኛውም ደራሲ ኖታ ቆጥረው አጥንተው ተጫወቱት።

በጃፓን ሲዲዎቹ በብዛት ቢሸጡም «የታዋቂ ደራሲ ልጅ ባይሆን ማን ያዳምጠው ነበር?» ያሉ ተቺዎች አልጠፉም። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም፤ የአባት ስም በር እንደሚከፍት እናውቃለን። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ሂካሪ ዝም ይበል ማለት ሳይሆን፣ ስም የሌላቸው አባቶችና እናቶች ልጆችም ኩሚኮ ታሙራን የመሰለ አስተማሪ ያግኙ ማለት ነው። ኬንዛቡሮ ኦኤ ራሳቸው በታኅሣሥ 1994 በስቶክሆልም የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ ስለ ወፎቹና ስለ ልጃቸው ሙዚቃ በንግግራቸው ተናግረዋል። አባትየው በመጋቢት 2023 አርፈዋል።

ይህን በር ለብዙዎች ለመክፈት የደከሙም አሉ። በቬኔዙዌላ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ በ1975 የጀመሩት የወጣቶች ኦርኬስትራዎች ድርጅት፣ ከ1995 ጀምሮ በባርኪሲሜቶ ከተማ የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ከፍቷል። ከዚያ የወጣው መዘምራን ቡድን ሁለት ወገን አለው፤ መስማት የተሳናቸው ነጭ ጓንት አጥልቀው በእጃቸው ይዘምራሉ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ሌላ ጉዳት ያለባቸው ደግሞ በድምፅ።

በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ደግሞ ካርሎ ኡውሲታሎ የተባሉ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀለም ኖታ ፈለሰፉ። በዚህ ኖታ ዶ ቀይ፣ ሬ ቡናማ፣ ሚ ግራጫ፣ ፋ ሰማያዊ፣ ሶል ጥቁር፣ ላ ቢጫ፣ ሲ አረንጓዴ ነው። ድምፁ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑ በቅርፅ፣ ማለትም በመስቀል፣ በአራት ማዕዘን፣ በክብና በሦስት ማዕዘን ይለያል። ያንኑ ቀለምና ቅርፅ በፒያኖው መርገጫ ወይም በጊታሩ አንገት ላይ መለጠፍ ነው፤ ልጁ በወረቀቱ ላይ ያየውን እመሣሪያው ላይ ፈልጎ ይነካል። ፊደል መለየት ያቃተው ልጅ ዜማ የሚጫወትበት ዘዴ ይህ ነው።

እቤት ፒያኖ የላትም የምትል እናት አትጨነቅ። ባለ ስድስት አውታር ክራር አምስት ቀለም ይበቃዋል፤ ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያው ድምፅ ቀጭኑ ስለሆነ ቀለሙ አንድ ሆኖ ቅርፁ ብቻ ይለወጣል።