የማዳበሪያው መንገድ ከወረዳው መጋዘን እስከ ጅቡቲ

በሰኔ ወር በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ የተሰለፈ አርሶ አደር ማዳበሪያው ለምን እንደዘገየ የሚጠይቀው ወረዳውን ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከወረዳው ይርቃል። ከውጭ የሚገዛው የአፈር ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በከባድ ተሽከርካሪና በባቡር ወደ መሐል አገር ይጓጓዛል። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈውም በዚሁ አቅጣጫ ነው።

መስመሩ የቆየ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥሩ የተቆረቆረች ከተማ ናት።

መስመሩ በየዘመኑ ሲቋረጥም ኖሯል። በ1969 ዓ.ም ድልድዮች በፈንጂ በመፍረሳቸው ባቡሩ ለወራት ቆሟል። ያን ጊዜ አሰብ ነበር። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋና ሸክሙ ሁሉ ጅቡቲ ላይ ወደቀ። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጉዞውን ቢያፋጥንም መቋረጡን አላስቀረም፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም በሶማሌ ክልል በተነሳ ተቃውሞ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድና ሐዲዱ ለጊዜው ተዘግተው ነበር። ሐምሌ ጤፍ የሚዘራበት ወር መሆኑን ልብ ይሏል።

ጉዳቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጅቡቲም ከኢትዮጵያ መብራትና የከርሰ ምድር ውኃ ታገኛለች። ሁለቱም ወገኖች መስመሩ እንዲከፈት የሚቸኩሉት ለዚህ ነው። ዝናቡ ግን ድርድር አይጠብቅም።

ወደብም ሐዲድም በወረዳ እጅ አይደሉም። በወረዳ እጅ ያለው የፍላጎት መረጃን በጊዜ ማሰባሰብ፣ መጋዘንን ቀድሞ ማዘጋጀትና የሥርጭት ቅደም ተከተል ነው። በተለይ ቅደም ተከተሉ ሲዘነጋ ይታያል። ኤን ፒ ኤስ ከዘር ጋር የሚገባ በመሆኑ ከዘገየ የሚካስበት መንገድ የለም። ዩሪያ ግን ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ለበቆሎ አብዛኛው የሚጨመረው ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ተሽከርካሪ ሲያጥር መጀመሪያ መጫን ያለበት ኤን ፒ ኤስ ነው፤ ክረምት መንገዳቸውን የሚቆርጥባቸው ቀበሌዎች ድርሻ ደግሞ ግንቦት ሳያልቅ መጋዘን መግባት አለበት።