ላየንስ ክለብ፦ ከእራት ግብዣው ማዶ

ላየንስ ክለብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሆቴል አዳራሽ፣ ባጅ የተደረደረበት ቢጫ ሰደርያና የእራት ቲኬት ነው። «ሀብታሞች ጠግበው ከበሉ በኋላ ለድሃ የሚያስቡበት ቦታ» ተብሎ ተደምድሟል። እራቱ አለ፤ አልክድም። ምግቡም ብዙ ጊዜ ከቲኬቱ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ግን ክለቡን በእራቱ የሚመዝን ሰው እድርን በድንኳኑ ብቻ እንደሚያውቅ ሰው ነው።

መነሻውን ቶሎ ልጨርሰው። መሥራቹ ሜልቪን ጆንስ የቺካጎ የኢንሹራንስ ወኪል ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1917 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የነጋዴ ክበባት ፈልተው ነበር፤ ዋና ሥራቸውም አባል ለአባል ገበያ መላላክ ነበር። ጆንስ የዚህ ዓይነቱ ክበብ አባል ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሁሉ ታታሪ ሰው ጉልበቱን ለሚኖርበት ከተማ ቢያውለውስ ብሎ ተነሣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳላስ ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ ተካሄደ፤ ማንኛውም ክለብ የአባላቱን ኪስ ማደለብ ዓላማው እንዳያደርግም ተደነገገ። ዛሬ አባላቱ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺሕ በላይ ናቸው፤ ሴቶች ግን እስከ 1987 ድረስ በአባልነት አይገቡም ነበር።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። እያንዳንዱ ክለብ ሁለት ሒሳብ ይይዛል። አንደኛው አባላት በሚያዋጡት የሚሞላ የአስተዳደር ሒሳብ ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያው፣ የስብሰባው፣ የአባላቱ ምሳ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ሁለተኛው በባዛር፣ በሎተሪና በእራት ከሕዝብ የሚሰበሰበው ነው፤ ከዝግጅቱ ወጪ የተረፈው ተመልሶ ለሕዝብ ሥራ መዋል አለበት። ስለዚህ ቲኬት ስትገዙ ገንዘቡ ለየትኛው ፕሮጀክት እንደሚውል ጠይቁ። ሳይጠይቅ ገዝቶ፣ በማግስቱ «የት እንደገባ ማን ያውቃል» እያለ የሚያማ ሰው ያናድደኛል።

ክለቡ ከዓይን ጋር የተቆራኘው በ1925 ነው። በዚያ ዓመት ማየትም መስማትም የማትችለው ሄለን ኬለር ኦሃዮ ውስጥ ሴዳር ፖይንት በተደረገው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ተገኝታ፣ አባላቱን ለዓይነ ሥውራን እንዲዘምቱ ጠየቀቻቸው። እነርሱም እሺ አሉ፤ ቃላቸውንም አላጠፉም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ነጩ በትር። ብዙ ሰው በትሩን መደገፊያ ይመስለዋል፤ ነጭ የሆነውም ለንጽሕና ወይም ለማሳዘን ነው ብሎ ያስባል። ነገሩ ሌላ ነው። በ1930 ኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ በምትባል ከተማ ጆርጅ ቦንሃም የሚባል የላየንስ አባል አንድ ዓይነ ሥውር መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ። ሰውየው በትር ይዟል፤ በትሩ ግን ጥቁር ነው፤ አስፋልቱም ጥቁር ነው። ሾፌሮቹ አላዩትም። ቦንሃም በትሩ ነጭ ይቀባ፣ ቀይ ቀለበትም ይደረግበት አለ። ክለቡ ቀብቶ አደለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የከተማው ምክር ቤት ነጭ በትር ለያዘ ሰው መኪና ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጥ ደነገገ።

ለሐቁ ሲባል፣ በትሩን ነጭ የቀባ የመጀመሪያው ሰው ቦንሃም አይደለም። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ በ1921 በአደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ መኪኖች እንዲያዩት የራሱን በትር ነጭ ቀብቷል። ፓሪስ ውስጥም ጊሊ ደርብሞን የተባለች ሴት በ1931 ነጭ በትር በሺዎች አድላለች። ከቀለሙ ይልቅ እኔ ላየንሶችን የማመሰግነው ስለ ሕጉ ነው። ቀለሙን ያዡ አያየውም። መልእክቱ የተጻፈው ለእኛ፣ ለምናየው ነው፤ መልእክቱን አንብቦ የማይቆም ሾፌር የሚያስጠይቅ ደንብ ሲኖር ብቻ ቀለሙ ሥራ ይሠራል። ረጅሙን በትር ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መንገድን መዳሰስ እንኳ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም ሪቻርድ ሁቨር ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ያስተማረው ዘዴ ነው።

እኛ ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ ይህ መልእክት ምን ያህል ይነበባል? ስድስት ኪሎ አካባቢ በትሩን ዘርግቶ የቆመ ተማሪ ሲያዩ ብዙ ሾፌሮች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ክላክስ። ክላክሱ ደግሞ ሳይቆሙ ከማለፍም ይብሳል፤ ልጁ መንገዱን የሚለየው የሞተሩን ድምፅ አቅጣጫ እየሰማ ነውና ጆሮውን ነጠቁት ማለት ነው። የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ መኪና ያቆመው ሰውዬስ? ክዳኑ የተነሣው የፍሳሽ ጉድጓድስ? አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ፣ ለማገዝ ብሎ መሆኑ ያስታውቃል፣ የአንዱን ተሳፋሪ በትር ተቀብሎ ኋላ ወንበር ሥር ሲከተው አይቻለሁ። ሰውየው መውረጃው ደርሶ ባዶ እጁን ቀረ፤ መኪናው ሙሉ ሰው አጎንብሶ በትር ፈለገ። በትሩን አትንኩበት። መርዳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እሺ ካለ ክርናችሁን ስጡት፣ እርሱ ይያዛችሁ እንጂ እናንተ አትጎትቱት። ድምፃችሁንም ከፍ አታድርጉ፤ ጆሮው ደኅና ነው።

ወደ ክለቡ ልመለስ። በ1990 ላየንስ ዓይነ ሥውርነትን ለመከላከል ሳይትፈርስት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ፤ ክለቦቹ ለዚህ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ከዚህ ገንዘብ ትራኮማን ለመከላከል ወደ አማራ ክልል የመጣ አለ። ትራኮማ፣ የገጠሩ ሰው የዓይን ማዝ የሚለው በሽታ፣ ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛው የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፈተገ ያጠፋዋል። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶችን የማያውቅ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። ይህን በሽታ የመከላከሉን ሥራ ከክለቡ ጋር የያዘው የካርተር ማዕከል ነው። የማዕከሉ መሥራች ጂሚ ካርተር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ጆርጂያ ውስጥ የላየንስ ዲስትሪክት ገቨርነር፣ ማለትም የአንድ አካባቢ ክለቦች መሪ፣ እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የክለቡ ስም ሲነሣ የላየንስ አባሉ የዓለም ሎሬት ጥበበ የማነ ብርሃን አብረው ይነሣሉ።

የትራኮማ መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ ፋይዘር በነፃ ይሰጠዋል። ዘመቻ ላይ መጠኑ የሚወሰነው ሰውን በሚዛን በመመዘን አይደለም፤ ምልክት የተሰመረበት እንጨት አጠገብ ቁመቱ እየታየ ነው። ክኒን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቆቡ የታጠፈ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፣ የልጅ ፊት መታጠብ አለበት፣ መጸዳጃ ቤትም ያስፈልጋል፤ በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በቀረ ዓይነ ምድር ነውና። ምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ላይ መጸዳጃ ቤት ይቆፈር ብለው አጥብቀው የያዙት ሴቶች ነበሩ። ወንዱ በፈለገበት ሰዓት ጫካ ይገባል፤ እነርሱ ጨለማ እስኪሆን መጠበቅ ነበረባቸው። የዓይን ፕሮግራሙ ይህን የኖረ ችግራቸውንም አብሮ ነካ።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ አደራ አለኝ። በየቤተ መጻሕፍቱና በየመነጽር ቤቱ የላየንስ መሰብሰቢያ ሣጥን ታገኛላችሁ፤ መሳቢያችሁ ውስጥ የተኛውን አሮጌ መነጽር እዚያ ጨምሩት። ተጠርጎና በኃይሉ ተለይቶ መግዛት ለማይችል ሰው ይሰጣል። የፀሐይ መነጽርም ይቀበላሉ፤ የልጆች መነጽር ደግሞ በጣም ይፈለጋል። ሌንሱ የተጫረውንና እጀታው የተሰበረውን ግን ለሣጥኑ አትስጡ፤ በጎ ፈቃደኛው ቁጭ ብሎ ሲለቅም የሚውለው እርሱን ነው።