መቆም የማይችል መኪና አይነሳም

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ ቤት ሰንብቼ ነበር። ግቢው ውስጥ ለዓመታት ሸራ ለብሳ የቆመች ፊያት 124 ስፓይደር አለች። ይህች ጣሪያዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ በአራቱም ጎማዎቿ የዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። የወንድሜ ልጅ ደግሞ መንዳት መለማመድ ጀምራለች፤ ዓይኗ ከመኪናዋ ላይ አይነቀልም።

ቅዳሜ ጠዋት የታዘዘው ዕቃ ደረሰ። አሜሪካኖች «ሮተር» በሚል አንድ ስም የሚጠሯቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ከባዱ የፍሬን ዲስክ፣ ሌላው መዳፍ ውስጥ የሚገባው የዲስትሪቢዩተር ሮተር።

«አባዬ፣ ትንሿን እናስቀድም፤ ሞተሩ ይነሳ!»

«መቆም የማይችል መኪና አይነሳም፣ ልጄ።»

ከኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ ገባ። የመኪናዋ ፊት በክሪክ ተነሳ፤ ወንድሜ ግን ከሥሯ የብረት መደገፊያ ሳያስገባ ልጅቷን አላስጠጋም። ክሪክ ይከዳል። ጎማው ወልቆ የፍሬኑን አቧራ እፍ ልትል ስትል ደግሞ ፈጥኖ ከለከላት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

አሮጌዎቹ ዲስኮች ሲለኩ ከተፈቀደው ውፍረት በታች ሆነዋል። እንዲህ ያለው ቶርኖ ቤት ሄዶ አይድንም፤ የግራና የቀኙ አብረው፣ ከአዲስ ሸራ ጋር ይቀየራሉ። ዲስኩ የሚያርፍበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጸዱ፤ ዝገት ከቀረ ዲስኩ ይዋልላል፣ ፔዳሉም ይንቀጠቀጣል። አዲሶቹ ዲስኮች ላይ የነበረውንም የፋብሪካ ዘይት አጠቡ።

ሲጨርሱ «ፍሬኑን ርገጪ» አላት። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። ልጅቷ ደነገጠች።

«ድገሚ።»

ጥቂት ከረገጠች በኋላ ጠነከረ። አዲሱ ሸራ እንዲገባ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ተገፍተው ነበር። ይህን የረሳ ሰው፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ፍሬን ሲፈልግ ያጣል።

ከሰዓት የዲስትሪቢዩተሩ ተራ ሆነ። የካንዴላ ገመዶቹ እንዳይደባለቁ ቁጥር ተለጠፈባቸውና ክዳኑ ተከፈተ። ሮተሩ በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት እየዞረ ከቦቢና የመጣውን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ያድላል። የአሮጌው ጫፍ ተቃጥሎ ጠቁሯል።

«ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሬን... እነዚህ አማርኛ ናቸው?» ጠየቀች።

«ከጣሊያን መጥተው ጋራዥ ውስጥ አማርኛ የሆኑ» አለ ወንድሜ ስቆ። «አባባ ሴይቼንቶውን ሲጠግን እንዲህ እያለ ነው ያስተማረን።»

እውነት ነው። ነገር ግን ያኔ የእኛ ድርሻ ባትሪ ማብራት ብቻ ነበር፤ አባባ መፍቻውን አይሰጠንም። ወንድሜ ልጁን ራሷን አስፈታት፣ ራሷን አሳሰራት። የጠበቀውን ሁሉ ግን አንድ በአንድ መልሶ አየው። ለእናንተም፣ አሮጌ መኪና ያላችሁ አባቶችና አያቶች፣ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፤ ልጁ ይሥራ፣ እናንተ ፈትሹ።

ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ወንድሜ ከጎኗ ተቀመጠ፤ አዲሱ ፍሬን እስኪላመድ በዝግታ እንድትነዳ ነገራት።

እሷ ግን ማርሽ ከማስገባቷ በፊት፣ ማንም ሳይነግራት፣ ፍሬኑን ረግጣ ሞከረችው።